ኮምፒዩተርን ሀ ብሎ የመማር አጭር ታሪክ

የሰው ልጅ አንድ አዲስ መሣሪያ በሠራ ቍጥር ሁለት ታሪክ አብሮ ይወለዳል። አንደኛው መሣሪያውን የሠሩት ሊቃውንት ታሪክ ነው፤ ይህ በየመጻሕፍቱ ተጽፎ ይገኛል። ሁለተኛው ግን መሣሪያውን ከዚያ በፊት ዐይተውት የማያውቁ ሰዎች እንዴት አድርገው እንደ ተማሩት የሚናገረው ታሪክ ነው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። እኛ የታሪክ ትምህርት ተማሪዎች ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ ኮምፒዩተር ልንጽፍ ስናስብ የመረጥነው ይህን ሁለተኛውን ታሪክ ነው።

ምክንያታችንም ግልጽ ነው። ከመካከላችን ገና በሕፃንነቱ በቤቱ ኮምፒዩተር የነካ አለ፤ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ በሥዕል ካልሆነ በቀር ዐይቶት የማያውቅም አለ። ሁለቱም በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ጎን ለጎን ለአንዳንድ ተፈታኞች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀመረ። እንግዲህ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ፣ የጥያቄውን መልስ እያወቀ፣ ማውሱን እንዴት እንደሚይዝ ባለማወቁ ብቻ ጊዜው ቢያልፍበት ጉዳቱ ምን ያህል የሚያሳዝን እንደ ሆነ ለማንም አይጠፋም። ስለዚህ «ጀማሪ ኮምፒዩተርን የሚማረው እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። መልሱንም ከታሪክ እናገኘዋለን ብለን እናምናለን።

«ኮምፒዩተር» የሚለው ቃል በመጀመሪያ የመሣሪያ ስም አልነበረም፤ የሰው ሥራ መጠሪያ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቍጥር እየደመሩና እያባዙ የሚውሉ የሒሳብ ሠራተኞች በእንግሊዝኛ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር የመድፍ ጥይት የት እንደሚወድቅ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ስላስፈለገው፣ ሒሳብ የተማሩ ብዙ ሴቶችን በፊላደልፊያ ከተማ ሰብስቦ ያሠራ ነበር። አንዲት ሠራተኛ የአንድ ጥይት ጉዞ ብቻ አስልታ ለመጨረስ ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጅባት ነበር። ይህን ድካም ለማቃለል ጆን ሞክሊና ፕሬስፐር ኤከርት የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ «ኤኒያክ» የተባለውን የሒሳብ መኪና ሠሩ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በየካቲት 1946 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ። ክብደቱ 30 ቶን ያህል ነበር፤ በውስጡም አምፑል የሚመስሉ 18,000 ያህል ቫልቮች ነበሩበት። የዚያን የአንዱን ጥይት ሒሳብ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርስ ነበር።

ይሁን እንጂ መኪናው በራሱ ምንም አያውቅም ነበር። ለእያንዳንዱ ሥራ ሽቦዎቹን እየነቀሉ በሌላ ቦታ መሰካት፣ ማብሪያና ማጥፊያዎቹንም አንድ በአንድ ማስተካከል ያስፈልግ ነበር። ለዚህ ሥራ ጦሩ ከሒሳብ ሠራተኞቹ መካከል ስድስት ሴቶችን መረጠ። እነርሱም ካትሊን ማክነልቲ፣ ቤቲ ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራንሲስ ቢላስና ሩት ሊክተርማን ናቸው። ቤቲ ጄኒንግስ በሚዙሪ ገጠር ያደገች የገበሬ ልጅ ነበረች። ካትሊን ማክነልቲ ደግሞ በአየርላንድ ተወልዳ በሕፃንነቷ ወደ አሜሪካ ስትመጣ እንግሊዝኛ አትናገርም ነበር።

እነዚህ ስድስት ሰዎች የሚያስተምራቸው መምህር አልነበረም፤ ከእነርሱ በፊት ይህን ሥራ የሠራ ሰው የለምና። የሚመራቸው መጽሐፍም አልተጻፈም ነበር። በጦር ምስጢር ምክንያት በመጀመሪያ ወደ መኪናው ክፍል መግባት ስንኳ አልተፈቀደላቸውም፤ የተሰጣቸው የሽቦው አቀማመጥ የተሣለበት ወረቀት ብቻ ነበር። እነርሱ ግን ወረቀቱን ዘርግተው፣ የማይገባቸውን መሐንዲሶቹን እየጠየቁ፣ አንዷ ያወቀችውን ለሌላዋ እያስረዳች መኪናውን ከሥር እስከ ላይ ዐወቁት። በዓለም ላይ ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች መካከል የሚቈጠሩት እነዚህ ሰዎች ሥራውን ሲጀምሩ ፍጹም ጀማሪዎች ነበሩ ማለት ነው። አባቶቻችን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚሉት ቃል በፊላደልፊያም እውነት ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ታሪክ የምናገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ጀማሪ በመጠየቅና እርስ በርስ በመማማር ይማራል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ያህል ኮምፒዩተር በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በትልልቅ ኩባንያዎችና በዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ፤ ነገር ግን ከጀማሪው እጅ እንደ ራቀ ቆየ። ዋጋው እጅግ ውድ ስለ ነበር አንዲት ደቂቃ ስንኳ ሥራ ፈትቶ እንዲያልፍ አይፈለግም ነበር። ስለዚህ አንድ ተማሪ ኮምፒዩተሩን ለማሠራት የፈለገ እንደ ሆነ፣ ትእዛዙን በወፍራም ካርዶች ላይ በቀዳዳ ምልክት ያስበሳል፤ የካርዱን ክምር ለሠራተኛው ያስረክባል፤ ከዚያም ተራውን ይጠብቃል። መልሱ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም በማግስቱ ይመጣል። በአንዱ ካርድ ላይ አንዲት ቀዳዳ ተሳስታ እንደ ሆነ የሚመለስለት መልስ «ስሕተት አለ» የሚል ብቻ ነው፤ አርሞ እንደ ገና ወደ ሰልፉ ይመለሳል። ለሊቅ ይህ ትዕግሥት የሚፈትን ነገር ነው፤ ለጀማሪ ግን መማርን የሚከለክል ነው። ጀማሪ የሚማረው ከስሕተቱ ሲሆን፣ ስሕተትም የሚያስተምረው ወዲያው የታየ እንደ ሆነ ነው። የዛሬውን ስሕተት ነገ የሚነግሩት ልጅ፣ ሲሳሳት ምን አስቦ እንደ ነበረ ይረሳዋል።

ይህን ችግር አስቀድመው ከተመለከቱት መካከል በአሜሪካ ሃኖቨር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በዳርትመዝ ኮሌጅ የሚያስተምሩ ሁለት የሒሳብ መምህራን ነበሩ። አንደኛው በሀንጋሪ አገር ተወልዶ በልጅነቱ ከነቤተ ሰቡ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ጆን ኬሜኒ ነው፤ ሁለተኛው ቶማስ ከርትዝ ይባላል። እነዚህ ሰዎች ከኮሌጁ ተማሪዎች ብዙዎቹ ሳይንስ የማያጠኑ መሆናቸውን ዐይተው፣ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የሚማረውም ልጅ ኮምፒዩተርን ማወቅ አለበት አሉ። ኮምፒዩተር እንደ ቤተ መጻሕፍት ለማንኛውም ተማሪ ክፍት መሆን ይገባዋል የሚል አሳብ ነበራቸው። በዚያ ዘመን ይህ አሳብ ለብዙ ሰው እንግዳ ነበር።

አሳባቸውንም በሁለት ነገር ፈጸሙት። አንደኛው ጊዜን ማካፈል ነው። ኮምፒዩተር ከሰው እጅግ የፈጠነ ስለ ሆነ፣ አንዱ ተማሪ ቀጥሎ የሚጽፈውን እስኪያስብ ድረስ የሌሎቹን ብዙ ተማሪዎች ሥራ ሠርቶ ሊመለስ ይችላል። አንድ መምህር በክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወረ የእያንዳንዱን ልጅ ደብተር እንደሚያይ፣ ኮምፒዩተሩም ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት ይዞራል፤ ሁሉም መሣሪያው የእርሱ ብቻ ይመስለዋል። ሁለተኛው አዲስ የትእዛዝ ቋንቋ ነው። ይህን ቋንቋ «ቤዚክ» ብለው ጠሩት፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ከአምስት ቃላት መጀመሪያ ፊደላት የተውጣጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቃል «ጀማሪ» ማለት ነው። ቃላቱ ጥቂቶችና ማንም የሚያውቃቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ነበሩ፤ «ጻፍ»፣ «ቢሆን»፣ «ወደዚህ ሂድ» እንደ ማለት ናቸው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 1964 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የመጀመሪያዎቹ የቤዚክ ትእዛዞች በዳርትመዝ ሠሩ። ሥራውን ከመምህራኑ ጋራ ሌሊቱን ሁሉ እየደከሙ የፈጸሙት የኮሌጁ ወጣት ተማሪዎች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። ሁለተኛው ትምህርት ይህ ነው፤ ጀማሪ የሚማረው የራሱ ተራ ሲደርሰውና ለሠራው ሥራ ወዲያው መልስ ሲያገኝ ነው።

ሆኖም የትእዛዝ ቃላትን በቃል ማጥናት ገና ግዴታ ነበር። ከዚህ ሸክም ያሳረፈው መሣሪያ ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ማውስ ነው። ዳግላስ ኤንገልባርት የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋራ የመጀመሪያውን ማውስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሠራ፤ አካሉ ከእንጨት የተጠረበ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በ1,000 ያህል ሰዎች ፊት በስክሪን ላይ ጽሑፍ እየመረጠና እያዛወረ አሳየ። ቆይቶም በካሊፎርኒያ የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. በሥዕልና በማውስ የሚሠራ «አልቶ» የተባለ ኮምፒዩተር ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. የአፕል ኩባንያ «ማኪንቶሽ»ን፣ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ የማይክሮሶፍት ኩባንያ «ዊንዶውስ»ን ለገበያ አቀረቡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጀማሪው ትእዛዝን በቃሉ ማስታወስ ቀርቶ፣ በፊቱ ከተደረደሩት ሥዕሎች የሚፈልገውን ዐይቶ ማመልከት ብቻ በቃው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መናገር እንወዳለን። ሥዕሎቹ የተወሰዱት ከአሜሪካ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የወረቀት ማቀፊያው፣ ጠረጴዛውና የቆሻሻ ቅርጫቱ ለዚያ አገር ጸሐፊ የዕለት ዕቃዎቹ ነበሩ። ጽሕፈት ቤት ገብቶ ለማያውቅ ልጅ ግን ሥዕሉ ራሱ ሌላ እንቆቅልሽ ነው። ጽሑፍን ለማስቀመጥ የሚጫነውም ምልክት በብዙ ፕሮግራሞች ላይ የፍሎፒ ዲስክ ሥዕል ነው፤ ከእኛ መካከል ይህን ዲስክ በእጁ የያዘ ጥቂት ነው። የኪቦርዱም ፊደላት በ«ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ተራ አለመቀመጣቸው ጀማሪውን ያደናግረዋል። ይህ አቀማመጥ አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስ ከሠራውና እ.ኤ.አ. በ1874 ዓ.ም. ለገበያ ከቀረበው የጽሕፈት መኪና የተወረሰ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ፊደሉን ፈልጎ ሲያጣ «አእምሮዬ ደካማ ነው» ብሎ ማዘን የለበትም፤ ያስቸገረው ከመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት የተደረገ የሰው ውሳኔ ነው። ታሪክን ማወቅ ፍርሃትን እንደሚያቀል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዚህ መካከል የኮምፒዩተር ዋጋ እየቀነሰ ሄደ። የኮምፒዩተርን ዋና ክፍል በአንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ መሥራት ከተቻለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ተራ ሰው ገዝቶ በቤቱ የሚያስቀምጠው ኮምፒዩተር መሸጥ ጀመረ። ያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ቢቢሲ የተባለው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ሕዝቡን ኮምፒዩተር ለማስተማር ዐቅዶ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1982 ዓ.ም. ዐሥር ክፍል ያለው የቴሌቪዥን ትምህርት ማሳየት ጀመረ። ከትምህርቱም ጋራ የሚሄድ ኮምፒዩተር በካምብሪጅ ከተማ በሚገኘው በኤኮርን ኩባንያ አሠራ፤ መንግሥትም ትምህርት ቤቶች መሣሪያ ሲገዙ የዋጋውን እኩሌታ ይከፍልላቸው ነበር። ትምህርቱ ለሕፃናት ብቻ የታሰበ አልነበረም፤ አባቶችና እናቶችም በየቤታቸው ሆነው ይከታተሉት ነበር። ይህን የምንጠቅሰው ጀማሪነት የዕድሜ ጉዳይ አለመሆኑን ወላጆቻችን እንዲረዱልን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የእኛ ጀማሪ ከሌላው አገር ጀማሪ የበለጠ አንድ ሸክም ነበረበት፤ ይኸውም የፊደል ነገር ነው። የአገራችን ፊደል 33 ሆሄያት በሰባት ዓይነት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹና ቍጥሮቹ ሲጨመሩ ከዚህም ይበልጣል። የጽሕፈት መኪና ግን ይህን ሁሉ የሚይዝ ቁልፍ የለውም። ከጠላት ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ኢንጂነር አያና ብሩ በዚህ ችግር ላይ ብዙ ደክመው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና አዘጋጁ። ፊደሉ በመኪናው ላይ ሊጻፍ የቻለው በቁራጭ ምልክቶች እየተቀጠለ ነው፤ የፊደሉ መልክ ቢጐዳም የመንግሥትና የግል ጽሕፈት ቤቶች ለብዙ ዘመን ተገልግለውበታል።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ደግሞ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እንደ አበራ ሞላና እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በግል ድካማቸው የግዕዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችሉ ፕሮግራሞችን ሠሩ። በአገር ውስጥም «አጋፋሪ»፣ ቆይቶም «ፓወር ግዕዝ»ና «ቪዥዋል ግዕዝ» የተባሉት በየመሥሪያ ቤቱ ታወቁ። የጽሕፈት መኪናው ያስቸገረው የቁልፍ ማነስ እዚህ ላይ ተቃለለ፤ ለምሳሌ ጸሐፊው የላቲኑን «ኤል» መትቶ «ዩ»ን ሲያስከትል «ሉ»፣ «አይ»ን ሲያስከትል «ሊ» ይጻፍለታል። ነገር ግን ሌላ ችግር ነበር። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቍጥር ነው፤ እያንዳንዱም ፕሮግራም ለፊደላችን የራሱን ቍጥር ሰጥቶ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆን ነበር። ይህን በአየ ጊዜ ጀማሪው መሣሪያውን ያበላሸ እየመሰለው ይደነግጥ ነበር። ችግሩ መፍትሔ ያገኘው የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ የሚቈጥረው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ባወጣው ሦስተኛ እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን በመዘገበ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ከራሱ ጋራ ይዞ መጣ። ዛሬ አንዲት እናት በስልኳ በአማርኛ ስትጽፍ ቃሏ በሌላ አገር ባለ ልጅዋ ስልክ ላይ ሳይበላሽ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው፤ ጀማሪ የሚማረው በሚያውቀው ቋንቋና በሚያውቀው ፊደል ሲሆን ሸክሙ ይቀልለታል።

«መሣሪያው ይህን ያህል ከቀለለ፣ ለልጁ መስጠት ብቻ አይበቃምን?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ይህም በተግባር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረተው አንድ የአሜሪካ ድርጅት በአገራችን በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ፣ ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት፣ በእያንዳንዱ ቦታ 20 ያህል ታብሌቶችን ያለ መምህር በታሸገ ካርቶን ሰጠ። ኃይላቸውን የሚያገኙት ከፀሐይ ነበር። አዘጋጆቹ እንደ ተናገሩት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ የማብሪያውን ቁልፍ አገኘ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጆቹ የእንግሊዝኛን ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ ከወራት በኋላም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ይህ የሕፃናት አእምሮ ምን ያህል ንቁ እንደ ሆነ ያሳያል፤ እኛም የአገራችን ልጆች በመሆናቸው እንኮራባቸዋለን።

ነገር ግን ሌላውንም ወገን መስማት ተገቢ ነው። በፔሩ አገር መንግሥት በገጠር ላሉ ተማሪዎች የዚሁ ድርጅት የሆኑ አያሌ ኮምፒዩተሮችን አድሎ ነበር። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 ትምህርት ቤቶች ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ሲያወጡ፣ ልጆቹ በኮምፒዩተር መጠቀማቸው እጅግ ቢጨምርም፣ በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ውጤታቸው ላይ መሻሻል እንዳልተገኘ ገለጹ። ሁለቱን ታሪኮች አጣምሮ ለሚመለከት ሰው ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል። መሣሪያውን መክፈት ከሰው ሳይማሩም ይቻላል፤ መሣሪያውን ለዕውቀት ማዋል ግን መሪ ይፈልጋል። ብዕር የያዘ ሁሉ ድርሰት እንደማይጽፍ የታወቀ ነው።

እንግዲህ ለእኛ ትምህርት ቤት የሚሆነው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአገራችን የቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደልን ሲጀምር በአንድ ቀን ዳዊት አይደግምም። በፊደል ገበታው ላይ በስንጥር እያመለከተ ሀ ሁ ይላል፤ ከዚያ አቡጊዳን፣ ከዚያ ፊደለ ሐዋርያን እያለ ደረጃ በደረጃ ወደ ዳዊት ይደርሳል። የኔታ ለሁሉም ስለማይበቁ፣ ትንሹን የሚያስቀጽለው ከእርሱ ቀደም ብሎ የተማረው ታላቁ ልጅ ነው። ስንጥሩን የሚይዘው ግን ሁልጊዜ ተማሪው ራሱ ነው። በፊላደልፊያና በዳርትመዝ የተገኘው ጥበብ ከዚህ የራቀ አይደለም።

በዚሁ አኳኋን የኮምፒዩተርም ትምህርት የራሱ ሀ ሁ አለው። መጀመሪያ መሣሪያውን መክፈትና በሥርዓት መዝጋት፤ ቀጥሎ ማውስን መያዝ፣ ማመልከትና መጫን፤ ከዚያ በኪቦርድ ስምን በአማርኛና በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የተጻፈውን ስም ሰጥቶ ማስቀመጥና በማግስቱ ፈልጎ ማግኘት ነው። ይህ የመጨረሻው ለጀማሪ ዋናው ደረጃ ነው። በስክሪን ላይ የሚታየው ጽሑፍ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ ተጻፈ ጽሑፍ ነው፤ ኮምፒዩተሩ በጊዜያዊ ማስታወሻው የያዘው ስለ ሆነ መብራት በጠፋ ጊዜ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ሴቭ ማድረግ ማለት ከሰሌዳው ወደ ደብተር መገልበጥ ነው። መብራት በድንገት በሚጠፋበት አካባቢ የሚማር ተማሪ ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። የይለፍ ቃልንም ለባልንጀራ አለመስጠት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚለመድ ጨዋነት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው የነጻ ትምህርት ሲጀመር ብዙ ወጣቶች ደስ አላቸው፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ላለው ትምህርት የሚበቃው ይህን ሀ ሁ የጨረሰ ነው።

አንድ ነገር በተለይ ማሳሰብ እንወዳለን። በኮምፒዩተር ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች በአንድ ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጡ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ የሚያውቀው ልጅ ማውሱን ይይዛል፤ የማያውቀው ከጎኑ ሆኖ ያያል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ያወቀው ይበልጥ ዐውቆ፣ ያላወቀው ተመልካች ሆኖ ይወጣል። ብዙ ጊዜም በዚህ ሁኔታ ወደ ኋላ የሚቀሩት ከገጠር የመጡትና ዐይናፋር የሆኑት ናቸው። ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ እንዲህ የሚል ነው፤ ማውሱን የሚይዘው ሁልጊዜ የማያውቀው ይሁን፤ የሚያውቀው እጁን ሰብስቦ በአፉ ብቻ ያስረዳ። ይህ ደንብ ገንዘብ አያስወጣም፤ አዲስ መሣሪያም አያስገዛም። የሚያስረዳውም ተማሪ አይጐዳም፤ ዕውቀት ሲያካፍሉት እንደሚጠና በፊላደልፊያ የነበሩት ስድስቱ ሴቶች አሳይተዋል።

ከዚህም ሌላ በትርፍ ጊዜ የኮምፒዩተሩ ክፍል በተራ ቢከፈት፣ የላይኛው ክፍል ተማሪዎችም ለዘጠነኛ ክፍል አዲስ ገቢዎች በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቢሰጡ ብዙ ጥቅም ይገኛል ብለን እንገምታለን። መምህራኖቻችን ይህን አሳብ ተመልክተው ቢመሩን፣ ወላጆቻችንም በቤት ያለውን መሣሪያ ለወንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን ለሴት ልጅም በእኩል ቢሰጡ፣ ሥራው ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ብንሰበስበው ይህን ይመስላል። 30 ቶን የነበረው መኪና ከኪስ በሚገባ መሣሪያ ተተካ፤ የተበሳ ካርድ ይጠይቅ የነበረው ዛሬ በጣት መንካት ይታዘዛል፤ የላቲንን ፊደል ብቻ ያውቅ የነበረው ዛሬ ፊደላችንን ይጽፋል። መሣሪያው ሰማንያ ዓመት ያህል ተጕዞ ወደ ጀማሪው መጥቷል። የቀረው አንድ እርምጃ፣ የጀማሪው እጅ እስከ መሣሪያው ድረስ መዘርጋት ነው። ያችን እርምጃ ደግሞ ማንም ስለ ሌላው ሊራመድለት አይችልም፤ ቦታ ልንለቅለት፣ ተራውን ልንሰጠውና ከጎኑ ልንቆም ግን እንችላለን። ከትምህርት ቤታችን ማንም ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ማውስ የሚይዘው በፈተና ቀን እንዳይሆን ሁላችንም እንትጋ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና፣ ዛሬ ሀ ያለው ነገ ሌላውን ያስቀጽላል። ለትምህርት ቤታችንም ረጅም ዕድሜና የሠመረ ሥራ እንመኛለን።